የጋዝ መጥበሻውና የዘጋሁት መስኮት

እኔ የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ልኮራበት ሳይሆን እንድትፈርዱብኝ ነው። እሳት ለመንደድ አየር እንደሚፈልግ፣ አየር ሲያጥረው ደግሞ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዘኛ ጋዝ እንደሚያወጣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አስተምሬያለሁ። ለፈተና አውጥቼዋለሁ። የሳተውን ተማሪ ከመቀመጫው አስነስቼ ተቆጥቼዋለሁ። ከዚያ አንድ የጥቅምት ቅዳሜ፣ በገዛ ግቢዬ ውስጥ፣ ያንኑ ጥያቄ እኔው ራሴ ሳትኩት። መልሱን ባላውቀው ኖሮ ዛሬ ድረስ ይህን ያህል አልናደድም ነበር።

ያኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ባሌ ደሳለኝ የመሬት ቀያሽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው በድንበር ሲጣላ ሲያይ ስለሚውል ቤቱ ሲገባ ክርክር የሚባል ነገር መስማት አይፈልግም። እኔ ደግሞ ሁለት ሰው ነበርኩ። ክፍል ውስጥ ድምፄ ከሌላው ሕንፃ ይሰማል ይሉኛል። የባሌ ዘመዶች ፊት ግን እንኳን ድምፄ ትንፋሼም አይሰማም። እናቴ «ጨዋ ምራት» የምትለው እንደዚያ ዓይነቷን ነበር፤ እኔም አምኜ ተቀብዬ አሥር ዓመት በዝምታ ስገባና ስወጣ ኖርኩ።

በዚያ ሰሞን አማቼ፣ የደሳለኝ አባት፣ እኛ ቤት ነበሩ። ዲማ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ናቸው፤ ሁሉም ሰው የኔታ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ቀኝ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ስለነበር እዚሁ ከተማ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸውና ሐኪሙ ለሁለት ሳምንት ከጭስ፣ ከአቧራና ከነፋስ እንዲጠበቁ አዘዘ። ዋናው ቤት ቴሌቪዥንም እንግዳም ስለማይጠፋበት «ለጸሎት ያችኛዋ ትሻለኛለች» ብለው ሰርቪስ ቤቷን ራሳቸው መረጡ። ሰርቪሱ ሁለት ክፍል ነው፤ አንደኛው ማድ ቤት፣ ሁለተኛው የእንግዳ መኝታ። በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ቆርቆሮው ድረስ አይደርስም። ደሳለኝ «በኋላ እናስጨርሰዋለን» ካለ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ክፍተቱን የማዳበሪያ ኮርኒስ ስለሸፈነው ሁላችንም ረስተነዋል። እናንተ ግን እንዳትረሱት።

ወቅቱ ጽጌ ነበር። ጽጌ የፈቃድ ጾም ስለሆነ በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ይጾማል፣ ሌላው ይበላል። የኔታ ከልጅነታቸው ጀምሮ አጓድለውት አያውቁም። እኔና ደሳለኝ አንጾመውም፤ እሳቸው ከመጡ ወዲህ ግን ሥጋ ከቤታችን አልገባም። ማንም አልከለከለንም፤ እኛው አፍረን ነው።

ሐሙስ ዕለት ታናሽ ወንድሜ ታደለ ከአዲስ አበባ ደወለ።

«ሙሉ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ። ምሳ እንዳትሠሪ! የማበላችሁ እኔ ነኝ።»

«ምን ልታበላን?»

«ባርቤኪው! አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ላይ የገዛሁት የጋዝ መጥበሻ አለኝ፣ ለእናንተ ይዤው መጣሁ። ሥጋውንም እኔው ገዝቼ ነው የምመጣው።»

«ታደለ፣ ጽጌ እኮ ነው። የኔታ እዚህ ናቸው።»

«ይጹሙዋ! የፈቃድ ጾም አይደል እንዴ? እኛ ፈቃድ አልሰጠንም» ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ።

በዚያች ደቂቃ «ሌላ ጊዜ አምጣው» ማለት እችል ነበር። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር አልነዳ፣ ሥጋውን አልገዛ። ግን ወንድሜ ቅር እንዳይለው ብዬ «እሺ፣ በደህና ና» አልኩት። ብስጭቴ የሚጀምረው ከዚህች «እሺ» ነው።

ቅዳሜ አምስት ሰዓት ላይ የታደለ ፒክአፕ ግቢ ገባ። ልጆቻችን ሉማሜ አክስታቸው ጋ ሄደው ስለነበር ቤቱ ጸጥ ብሏል። ታደለና ደሳለኝ መጥበሻውን ተረዳድተው አወረዱት። ጎማ ያለው፣ ትልቅ ክዳን የተገጠመለት፣ ፊቱ ላይ ሦስት ማዞሪያዎች የተደረደሩበት ጥቁር ነገር ነው። መመሪያው በማናውቀው ቋንቋ የተጻፈ ስለነበር ታደለ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

«ይኼ ጠፍቶን ነው? ጋዝ ነው፣ እሳት ነው፣ ሥጋ ነው!» አለ።

ሲሊንደሩን ከእኛ ማድ ቤት አውጥቶ ቱቦውን ሲገጥም እኔ በጎድጓዳ ሳህን የሳሙና አረፋ መትቼ መጣሁ።

«ምነው፣ ልብስ ልታጥቢ ነው?» አለኝ።

«ዝም ብለህ እይ» አልኩና አረፋውን በቱቦው ጫፍና በመቆጣጠሪያው ዙሪያ ቀባሁት። ሲሊንደሩን ከፈት ሲያደርገው መገጣጠሚያው ላይ አረፋው እያበጠ ፍልቅልቅ አለ። ጋዝ እያመለጠ ነበር። ታደለ ዘጋ፣ እንደገና አጠበቀው፣ ቀባሁት፣ አሁን ምንም አልወጣም። ደሳለኝ «ቲቸር ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር!» ብሎ አጨበጨበ። ይህችን ጭብጨባ ያነሳሁት በኋላ ያሰከረችኝ እሷ ስለሆነች ነው። ዛሬ ከጋዝ ጋር ያለኝን ሥራ ጨረስኩ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ታደለ ክዳኑን እንደዘጋ ጋዙን ከፈተና ማቀጣጠያውን ተጫነው። ቀጭ። ምንም የለም። ቀጭ፣ ቀጭ። ጋዙ ሆዱ ውስጥ እየሞላ እሱ ቀጭ ያደርጋል። «ክዳኑን ክፈተው!» ብዬ ሳልጨርስ ክብሪት ለኩሶ በጎን አስገባበት። ቡፍ! ክዳኑ ብድግ ብሎ ተመለሰ። ታደለ ወደኋላ ሁለት እርምጃ ዘለለ፤ ግራ ቅንድቡ ግማሹ የለም።

ደሳለኝ በሳቅ ወደቀ። እኔ ተናድጃለሁ። «ፊትህ ቢሄድስ? ዓይንህ ቢጠፋስ?» እላለሁ፣ እነሱ ይስቃሉ። ታደለ ቅንድቡን እየዳበሰ «ለመጠበስ መጀመሪያ የተመረጥኩት እኔ ነኝ» ይላል። ወንድ ልጅ እሳት ፊት ሲቆም ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል መሰለኝ።

ቀጥሎ ብረቱ ሳይግል ጮማ የበዛበትን ሥጋ ደርድሮበት ሁሉም ተጣበቀ። ስቡ እየቀለጠ ሲንጠባጠብ እሳቱ እየዘለለ ሥጋውን ላሰው። ግቢው በጭስ ተሞላ። ነፋሱ ደግሞ ሌላ አቅጣጫ የጠፋበት ይመስል ጭሱንም ሽታውንም ጠቅልሎ በቀጥታ ወደ ሰርቪሱ፣ ወደ የኔታ መስኮት ወሰደው።

የኔታ ሳሉ። ሁለት ጊዜ ብቻ፣ በቀስታ፣ ሰው እንዳይሰማ ብለው የሳሉት ዓይነት ነው። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። እኒህ ሰው ከሰዓት በፊት ሽሮ በልተው፣ መዝሙረ ዳዊታቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጋደም ብለዋል። እኛ ደግሞ የሥጋ ጭስ አፍንጫቸው ሥር እናጤሳለን። ያውም በፋሻ የታሰረ ዓይን ይዘው።

እየሮጥኩ ሄድኩ። በመስኮቱ በኩል አንገቴን ሰብሬ ቆምኩና፦

«የኔታ፣ ነፋሱ ዓይንዎን እንዳይነካብዎ መስኮቱን ልዝጋው?» አልኳቸው።

ነፋስ አልኩ። ሥጋ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ።

«እንደ ወደድሽ፣ ልጄ» አሉኝ።

ዘጋሁት። መቀርቀሪያውን ራሴ ሳብኩት። በሩንም ገጠም አደረግሁና ወደ ወንዶቹ ተመለስኩ።

«ይኼን ነገር ወደ ማድ ቤት አስገቡት» አልኳቸው።

ደሳለኝ ግንባሩን ቋጠረ። «ውስጥ? አይጎዳም?»

እዚህ ላይ እባካችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ዕቃው የከሰል ምድጃ ቢሆን ኖሮ ማናችንም አናስገባውም ነበር። ዝግ ቤት ውስጥ ከሰል ሰው እንደሚገድል በከተማችን የማያውቅ የለም። ጋዝ ግን የሠለጠነ ነገር ነው፤ አመድ የለው፣ ፍም የለው። እኔም፣ የኬሚስትሪ መምህርቷ፣ ሳስተምር በማወጣው ሙሉ ድምፄ፦

«ከሰል አይደለም እኮ። ጋዝ ንጹሕ ነው» አልኩ።

እኔ ካልኩማ ማን ይከራከራል! እየገፉ አስገቡት። ሽታው ለጾመኛ ጎረቤትም እንዳይደርስ የማድ ቤቱን መስኮት ዘጋን፣ በሩን ዘጋን። ከበሩ ሥር ያለችውን ክፍተት ፎጣ አጥፌ የወተፍኩት እኔ ነኝ።

እኔና ደሳለኝ ሳሎን ተቀመጥን። ታደለ እየገባ ያገላብጣል፣ እየወጣ የበሰለውን ያመጣል፣ በሩን መልሶ ይዘጋል፣ ፎጣውን በእግሩ ይጠቀጥቃል። ሥጋው እንኳ ለወሬ የሚበቃ አልነበረም፤ ውጩ አሮ ውስጡ ጥሬ። «ትንሽ ይቆይ፣ ገና ሙቀቱን አላገኘም» እያለ አንድ ሰዓት አለፈ። እሱ ሲያወራ፣ ደሳለኝ ሲስቅ፣ እኔ ሳሳልፍ ሌላ ግማሽ ሰዓት ሄደ።

በመሐል ታደለ «አሁን እሳቱ አማረበት፣ እንደ ጧፍ ቢጫ ሆኗል» አለ።

ሰማሁት። ደኅና የሚነድ ጋዝ ነበልባሉ ሰማያዊ ነው፤ ቢጫ ሲሆን አየር አጥሮታል ማለት ነው። ይህንን ከአንድ መቶ ጊዜ በላይ ተናግሬያለሁ። ቃሉ በጆሮዬ ገብቶ የሆነ ቦታ ቆመ፣ አንድ ነገር ሊለኝ አሰበ። ግን ደሳለኝ ቀልድ ጀምሮ ነበር፣ እንጀራውም አልቆ ነበር፣ ተነስቼ እንጀራ ላመጣ ሄድኩ።

ትንሽ ቆይቶ ታደለ ግንባሩን ይዞ ተቀመጠ። «ራሴን አመመኝ። መንገዱ ነው መሰለኝ።»

«ቡናሽን ሳትጠጪ ወጣሽ እንዴ ከአዲስ አበባ?» ብሎ ደሳለኝ እንደ ሴት እየጠራ አሾፈበት። እኔም ሳቅሁ። መሳቄን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ጥርሴን እነክሳለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። የኔታ በዘጠኝ ሰዓት ተነስተው ይጸልያሉ፤ ከመጡ ወዲህ በየቀኑ ድምፃቸው እንደ ሰዓት ደወል ነበር፣ ሳሎን ድረስ ይሰማል። ሳህን ሳነሳሳ ጆሮዬ ያንን ድምፅ ፈለገ። የለም። ተኝተው ይሆናል አልኩ። ሁለት ሳህን አነሳሁ። ጆሮዬ እንደገና ፈለገ። የለም። በዚያች ቅጽበት ያ ቢጫ የሚለው ቃልና የታደለ ራስ ምታት አንድ ላይ መጥተው ደረቴን መቱኝ። ሳህኖቹ ከእጄ ወደቁ።

በሩን ስከፍተው የኔታ አልጋቸው ላይ አልነበሩም። በአልጋውና በመስኮቱ መካከል መሬት ላይ በጎናቸው ወድቀዋል፣ አስመልሷቸዋል። አንድ እጃቸው ወደ መስኮቱ ተዘርግቷል። ጉንጫቸው ቀልቷል፤ ላላወቀ ሰው ጤነኛ ይመስላሉ። እኔ ግን ያንን ቅላት መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ፤ የመርዘኛው ጋዝ ምልክት ነው።

ብብታቸው ሥር ገብቼ እየጎተትኩ ጮህኩ። ደሳለኝ ደርሶ እግራቸውን ያዘ። ግቢው መሐል ሣር ላይ አስተኛናቸው። ይተነፍሳሉ፣ ግን በጣም በቀስታ።

«አባ! አባ፣ ይስሙኝ!» ይላል ደሳለኝ፣ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኖ።

ታደለ ጋዙን ሊያጠፋ ወደ ማድ ቤቱ ሲሮጥ «መጀመሪያ በሩንና መስኮቱን ከፍተህ ውጣ! ይናፈስ! ከዚያ ትንፋሽህን ይዘህ ግባና ሲሊንደሩን ዝጋ!» አልኩት። እንዳልኩት አደረገ።

ጎረቤት ለመድረስ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። የቅርብ ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ነጠላቸውን እየጎተቱ ደረሱ።

«ወተት! ወተት አምጡ፣ ወተት ያረክሰዋል!» አሉ።

«ጾመኛ ናቸው» አለ ደሳለኝ ግራ ገብቶት። አባቱ እየሞቱበት የጾሙ ነገር ያስጨንቀዋል! ዛሬም ሳስበው ልሳቅ ወይ ላልቅስ አላውቅም።

«ታዲያ ሜዳ ላይ ምን ያደርጋሉ? ብርድ ይመታቸዋል! አስገቧቸው፣ ጋቢ ደርቡላቸው!» አለ ሌላ ጎረቤት። አንዱ ጋቢ ዘረጋ። አንዱ በእግራቸው በኩል፣ አንዱ በራሳቸው በኩል ይዘው ወደ ቤት ሊያስገቧቸው ጎንበስ አሉ። ሃያ ሰው ክብ ሠርቶ በላያቸው አጎንብሷል፤ የቀረቻቸውን አየር ሃያ አፍንጫ ይካፈላታል።

ያን ጊዜ ነው ከውስጤ የሆነ ነገር የተፈነቀለው።

«ማንም እንዳይነካቸው!» አልኩ። የክፍሌ ድምፅ ነው። «ዘወር በሉ! አየር ነው የሚፈልጉት፣ አየር! ብርድ አይገድላቸውም፣ የሚገድላቸው መዝጋት ነው! እትዬ ዘውዴ፣ ወተቱን ይመልሱት! ደሳለኝ፣ ባጃጅ ጥራ!»

ክቡ ተበተነ። ደሳለኝ አፉን ከፍቶ አየኝ። በአሥር ዓመት ትዳራችን በአባቱ ፊት ስጮህ ያየኝ ያን ዕለት ነው።

ባጃጁ መጣ። የግራና የቀኝ ሸራው ሁለቱም ወርዶ ተቆልፏል። የኔታን ጭኔ ላይ ደግፌ ገባሁና ሸራውን ነቅዬ ገለበጥኩት።

«እንዴ፣ ሽማግሌውን ነፋስ ይመታቸዋል እኮ!» አለ ሹፌሩ።

«ንዳ!» አልኩት። ነዳ።

ሆስፒታል እንደደረስን ኦክስጅን አደረጉላቸው። ጭንብሉ ፊታቸው ላይ ሲገጠም ያች ነጭ የዓይን ፋሻ ከላይ ቀርታ ታየችኝ፣ ጭስ እንዳይነካት ብለን የተጠነቀቅንላት ፋሻ። ወጣቱ ሐኪም መዝገብ ይዞ ወጣ።

«ከሰል ነው?»

«አይደለም። የጋዝ መጥበሻ ነው፤ ውስጥ አስገብተን» አልኩት።

«ለውጭ የተሠራውን ዕቃ? በዝግ ቤት?»

«አዎ።»

«ማን ነው ያስገባው?»

ደሳለኝ መሬት መሬት ያያል። ታደለ የተቃጠለ ቅንድቡን ያሻል።

«እኔ» አልኩ።

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ኬሚስትሪ አስተምራለሁ።»

ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ። መዝገቡ ላይ ጻፈው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ይድናሉ ወይስ አይድኑም የሚለውን የሚነግረን ሰው የለም፤ «ይታያል» ብቻ። ደሳለኝ ወደ እኔ ሳይዞር፦

«ጋዝ ንጹሕ ነው አላልሽም?» አለ።

«አንተስ? ‹አይጎዳም ወይ› ብለህ ከጠየቅህ በኋላ ለምን ዝም አልክ?» አልኩት።

«አንቺ ነሽ የምታውቂው ብዬ ነዋ!»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ያላስጨረስከውን ግድግዳም እኔ ነኝ የማውቀው?»

ታደለ «በእኔ ጣሉት፣ ያመጣሁት እኔ ነኝ» እያለ መሐላችን ገባ። ሁለታችንም ተባብረን ጮህንበት። በዚያ ኮሪደር ላይ የተናገርነውን ግማሹን አልጽፈውም። ሦስት ሰው ነን፤ ሦስታችንም ያጠፋነው አለ፤ ሦስታችንም ጥፋታችንን የሚቀበለን ሌላ ሰው ፈለግን።

ሊመሽ ሲል ነርሷ ጠራችን። የኔታ ነቅተዋል። ጭንብሉን ለአፍታ ገለጥ አደረገችላቸው። ደሳለኝ እጃቸውን ይዞ ተንበርክኮ አለቀሰ። እኔ በእግራቸው በኩል ቆምኩ።

«የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ። መስኮቱን የዘጋሁት ለነፋሱ አልነበረም። የሥጋው ሽታ እንዳይመጣብዎት አፍሬ ነው። ዋሸሁዎት» አልኳቸው።

በአንድ ዓይናቸው አዩኝ።

«ዐውቄያለሁ፣ ልጄ» አሉ። ድምፃቸው ደክሟል፣ ቃላቸው ግን ጥርት ያለ ነው። «ውጭ ሳላችሁ ሽታው መጥቶ ያልፍ ነበር። ወደ ውስጥ ስታስገቡት ነው በኮርኒሱ ገብቶ እኔው ዘንድ የተቀመጠው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

ትንሽ ዐረፉ።

«ራሴን ሲያመኝ፣ መስኮቱን ልክፈተው ብዬ ብድግ አልኩ። የእናንተ ሳቅ ይሰማኛል። አሁን ብከፍተው ‹የኔታ ሽታው አስቸግሯቸው ነው› ብለው ያፍራሉ፣ ምሳቸውን ይተዋሉ አልኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሁለተኛ ስነሣ ጉልበቴ እምቢ አለኝ።»

ነርሷ ጭንብሉን መለሰችላቸው። ደሳለኝ ግንባሩን አልጋው ጠርዝ ላይ ደፋ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። እሳቸው እንዳያፍሩ እኛ ዘጋን፤ እኛ እንዳናፍር እሳቸው ሳይከፍቱ ቀሩ። በዚያ ግቢ ውስጥ ክፉ የሚያስብ አንድም ሰው አልነበረም። ይሉኝታችን ግን ሰው ሊገድል አንድ እርምጃ ቀርቶት ነበር።

የኔታ በሦስተኛው ቀን ወጡ። ታደለ መጥበሻውን ሊጥለው ፈለገ። እኔ ከለከልኩት። ብረቱ ምን አጠፋ? ያጠፋነው እኛ ነን። መመሪያውን ከኪሱ ተቀብዬ፣ ቋንቋውን በስልኬ እያስተረጎምኩ አንድ ምሽት ሙሉ አነበብኩት። እናንተም እንዲህ ያለ ዕቃ ቤታችሁ ከገባ፣ ወይ ሊገባ ከሆነ፣ ቀጥሎ ያለውን በደንብ አንብቡት።

ቦታው ግቢ መሐል ነው፤ ከግድግዳ፣ ከአጥርና ከልብስ ማስጫ ርቆ። ማድ ቤት፣ ጋራዥ፣ በረንዳ ላይ በሸራ ጋርዶ የሚባል ነገር የለም። ዝናብ ከመጣ ምሳው ይቀራል። ቱቦውን በተገጠመ ቁጥር በሳሙና አረፋ እዩት። ክዳኑ መጀመሪያ ይከፈታል፣ ጋዙ ከዚያ፣ እሳቱ ከዚያ። አልያዝ ካለ ጋዙን ዝጉና፣ ክዳኑ እንደተከፈተ፣ እስኪበተን ቢያንስ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፤ በታደለ ቅንድብ ተማሩ። ከተያያዘ በኋላ ክዳኑን ዝጉና አሥር ደቂቃ ያህል ብረቱ ይጋል፤ ያኔ ሥጋው አይጣበቅም። ጮማ የበዛበትን እሳቱ ላይ አትከምሩት፤ አንዱን ማዞሪያ አጥፉና በዚያ በኩል ቀስ ብሎ ይብሰል። ስቡ ከተቀጣጠለ ሥጋውን አንሱና እሳቱን ቀንሱ፣ ውኃ አትድፉበት። የስቡን ማጠራቀሚያ በየጊዜው አጽዱ። ሲያበቃ ሲሊንደሩን ዝጉ። ነበልባሉ ቢጫ ከሆነ ደግሞ «አማረበት» የሚላችሁን ሰው አትስሙት።

ይህ ሁሉ ግን በቀላሉ የሚጠና ነው፤ ተማሪዎቼ በአንድ ክፍለ ጊዜ ያጠኑታል። ያናደደኝና እስካሁን የሚያናድደኝ ሌላው ነው። ስንት ነገር እያወቅን ዝም እንላለን? ስንት መስኮት በትሕትና እንዘጋለን? አሁን ሉማሜ ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት እከፍታለሁ። «ዝጊው፣ ብርድ ነው» ይሉኛል። «አልዘጋም» እላለሁ። ባለጌ ሆናለች የሚሉኝ አሉ። ይበሉኝ። ደሳለኝም ግድግዳውን እስከ ቆርቆሮው አስጨርሶታል፤ በሳምንቱ፣ ሳልጠይቀው።

በዓመቱ የኔታ ለግራ ዓይናቸው ተመልሰው መጡ። እንደገና ጽጌ ነው፣ እንደገና ቅዳሜ፣ እንደገና ታደለ ሥጋ ይዞ ግቢ ቆሟል። የኔታ ክፍል ገብቼ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። አንገቴን አልሰበርኩም።

«የኔታ፣ ግቢ ውስጥ ሥጋ ልንጠብስ ነው። ከበሩ በኩል ራቅ አድርገን አቁመነዋል፤ ነፋሱም ወደ አስፋልቱ ስለሆነ ጭሱ አይመጣብዎትም። ሽታው ግን ሊመጣ ይችላል። ከከበደዎት ይንገሩኝ፣ ሌላ ቀን እናደርገዋለን።»

የኔታ መዝሙረ ዳዊታቸውን አጠፉ። ፈገግ አሉ።

«አሁን ገና ምራት አገኘሁ» አሉኝ። «ጥበሱ። መስኮቱን ግን ክፈቺልኝ።»

መቀርቀሪያውን ሳብኩና ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርጌ ከፈትኩት።